ኔትዎርክ ሊፈትሹ የመጡ እንግዶች

ሰው የስልክ ኩባንያ የሚመርጠው በዋጋው ነው፤ አለዚያም ዘመዱ የያዘውን አይቶ ነው። እኔ የመረጥኩት በፍርሃት ነው። በፍርሃት ነገር ከእኔ ጋር የሚፎካከር ካለ ይምጣ። ሊፍት በሁለት ፎቆች መካከል ትንሽ ቆም ሲል ኑዛዜ የምጀምር ሴት ነኝ። የሕንፃው የእሳት ደወል ለሙከራ የጮኸ ዕለት ፓስፖርቴን፣ የባለቤቴን ፎቶግራፍና፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ መጥበሻዬን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወርጃለሁ። ከታች የቆሙት ጎረቤቶቼ መጥበሻውን አይተው ምንም አላሉኝም። የካናዳ ሰው ጨዋ ነው።

ባለቤቴ ታደሰ በሕይወት ሳለ ስልክ የእሱ ጉዳይ ነበር። ኩባንያውን የሚመርጠው እሱ፣ ሲበላሽ የሚከራከረው እሱ። እኔ የማውቀው ማንሳትና መዝጋት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ ነው፤ ድምፅ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብሎ ይመጣልን ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ያ ቤት ሰፋኝ። ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ አነስ ያለች ቤት አግኝቼ ተዛወርኩ። ዕቃዬ ሁሉ አብሮኝ መጣ፤ ኔትዎርኩ ግን እዚያው ቀረ።

ሳሎን ውስጥ ኔትዎርክ የለም። መኝታ ቤት የለም። ማድቤት ውስጥ ስልኩን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ሳስቀምጠው አንዲት መስመር ብቅ ትልና፣ ሰው ያየኛል ብላ እንደምታፍር ሙሽራ፣ ወዲያው ትደበቃለች። ድምፅ ያለው በረንዳ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ደግሞ ያለው ዊንተር ነው።

አንድ ቀን ጋቢዬን ደርቤ፣ በብረቱ መደገፊያ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ስልኩን በአየር ላይ ዘርግቼ «ሃሎ! ሃሎ! አትጥፊብኝ!» እያልኩ ስጮኽ፣ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ያየኝ ሰው ደነገጠና የእኛን ሕንፃ ተቆጣጣሪ፣ ሱፐሩን፣ ጠራው። ሱፐሩ መፍቻውን እንደያዘ እያለከለከ በሬን አንኳኳ።

«ማዳም፣ አር ዩ ኦኬ? የሚያነጋግርሽ ሰው ልጥራልሽ?»

«ኔትዎርክ ነው!» አልኩት።

ወደ በረንዳው አየ፤ ወደ እኔ አየ። «ፕሊስ፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ ፈልጊው» ብሎኝ ሄደ። ቤት ውስጥ ቢኖርማ ኖሮ!

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ይዤው እኖር ነበር፤ ታላቅ እህቴ እስክትታመም ድረስ። እትዬ ደብሪቱ ደሴ ነው የምትኖረው። እናታችን ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሐሞት ጠጠር አለብሽ፣ መውጣት አለበት ተባለች። ልጇ ማህሌት ይህን ልትነግረኝ ደወለች። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ አፍንጫዬ ደንዝዞ እሰማለሁ።

«አክስቴ፣ ኦፕራሲዮኑ ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጥሯል። ሐኪሙ ግን…»

ተቆረጠ።

ሐኪሙ ግን ምን? ሐኪሙ ግን ጎበዝ ነው? ሐኪሙ ግን ዕድሜዋን አይቶ ፈራ? ስደውል አይገባም። ሲገባ አይሰማም። ያችን «ግን» ይዤ ገባሁ፤ ከእሷ ጋር ራት በላሁ፤ ከእሷ ጋር ተኛሁ። ባል የሞተባት ሴት አልጋ ላይ ቦታ አይጠፋም፤ «ግን» በታደሰ በኩል ተጋደመች።

በማግስቱ ማህሌት ተገኘች። ልትል የነበረው «ሐኪሙ ግን ከፆም በፊት ይሁን ብሏል» ነበር። እኔ ግን ማን ያሳምነኛል? እኛ እኮ ሞትን በስልክ አንናገርም። እናቴ ባረፈች ጊዜ «ጉንፋን ነው» እያሉ ስንት ወር ከረምኩ። «እስኪ አገናኙኝ» ስል «መስመሩ አይሰማም» ይሉኛል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ የአገሬ ሰው ጥቁር በጥቁር ለብሶ ደጄ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በተቆረጠ ቁጥር፣ ኔትዎርክ ነው ወይስ ሰው ሞቶ ነው እላለሁ። እዚህ የተወለዱት «ኖ ሲግናል» ብለው ያልፋሉ። እኔ ነጠላዬን እፈልጋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጠርጥሬ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ።

ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ቤቴ ውስጥ የሚሰማ ስልክ ማግኘት አለብኝ ብዬ ሞል ሄድኩ። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ሻጭ ካርታ ዘረጋልኝ። አገሩ በሙሉ ቀለም ተቀብቷል።

«ይህ ሁሉ ይሠራል?»

«ኤቭሪዌር!»

«ማድቤቴ ውስጥስ?»

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። «እሱ በሕንፃው ይወሰናል» አለኝ።

ወደ ሁለተኛው ሱቅ ሄድኩ። ያው አገር፣ ሌላ ቀለም። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሐይቁ ሳይቀር ተቀብቷል። እንግዲህ ዓሣው ይደውላል፣ እኔ አልደውልም ማለት ነው።

«የድምፁስ ነገር?» አልኩ ሦስተኛዋን ሻጭ።

«ክሪስታል ክሊር ነው፣ ማዳም።»

«ሰውየው እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ይለያል?»

ልጅቱ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋም አላወቀም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ደንበኛ የለም መሰለኝ።

ችግሬን ለግርማ አወራሁት። ግርማ የታደሰ ጓደኛ ነው፤ ኤርፖርት የሊሞ ሹፌር ነው።

«አንቺ ደግሞ፣ ካርታ ይታመናል እንዴ?» አለኝ። «ጤፍ ስትገዢ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ነው? ቆንጠር አድርገሽ አይተሽ አይደለም? የተለያየ ኩባንያ የያዙ ሰዎች ቤትሽ ይምጡና ይቁሙ። የማን እንደሚጮህ እናያለን።»

ብልህ ሐሳብ ነው አልኩ። ብልህ ሐሳብ ነው ያልኩት ነገር ሁሉ እንዴት እንዳለቀ ባስታውስ ኖሮ እተወው ነበር።

ግርማ አንዱን ኩባንያ ይዟል። ሰዓዳ ሌላውን ይዛለች፤ ሰዓዳ የደሴ ፒያሳ ልጅ ናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ትሠራለች። ሦስተኛዋ ሳምሪ ነች፤ ከማዶ ባለው ፎቅ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሰዓቱን የመረጠልን ደሴ ነው። ማህሌት «ከኦፕራሲዮን ስትወጣ እደውላለሁ» ብላኛለች፤ የእነሱ ከሰዓት በኋላ የእኛ ጎህ ነው። የሰዓዳን ቁጥር ሰጥቻት «የእኔ እምቢ ካለሽ በእሷ ደውይ» አልኳት። ግርማም ሥራ ሳይገባ፣ ሰዓዳም ከሥራ ስትወጣ፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቤቴ እንዲመጡ ተስማማን።

አንባቢ ሆይ፣ ገና ሳይነጋ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

የሕንፃችን የታችኛው በር ደወል የሚጠራው የእጅ ስልኬን ነው። ስልኬ ደግሞ ቤት ውስጥ አይሰማም። ስለዚህ ኔትዎርክ ሊፈትሹ የመጡት ሰዎች በኔትዎርክ እጦት ታች በር ላይ ቀሩ። ግርማ የሊሞ ልብሱን ለብሷል፤ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራቫት፣ ጥቁር ካፖርት። ሰዓዳ ከነጥቁር ጅልባቧ፣ በፎጣ የተሸፈነ ሰፊ ሳህን ይዛለች፤ «ባዶ እጄን አልመጣም» ብላ የጠበሰችው ሳምቡሳ ነው። ሳምሪ ከጥቁር ሌላ ቀለም ለብሳ አይቻት አላውቅም፤ ያን ዕለት ደግሞ ለፈተና ስታጠና አድራ ዓይኗ ቀልቷል። ሰው እንዳይቀሰቅሱ በሹክሹክታ ያወራሉ።

በዚህ መሐል እማማ ዘውዴ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ከሊፍት ወጡ። እማማ ዘውዴ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ የሴቶቹ ዕድር ሰብሳቢ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ሳይነጋ የሰው በር ካንኳኩ፣ ያ ቤት አንድ ሰው ጎድሎበታል ማለት ነው። ሦስቱን በመስታወቱ አዩና በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«በሞቴ፣ ምንድን ነው?»

«እሷ ጋ ነን፣ እማማ» አለ ግርማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእህቷ ነገር ነው።»

«ውይ! የደብሪቱ?»

«አዎ።» ሳምሪ ጉንፋን ይዟት ነበርና ይህን ጊዜ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

እማማ ዘውዴ ሌላ አልጠየቁም። መርዶ ላይ ጥያቄ አይበዛም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው፤ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አዙረው ፊታቸው ላይ አመጡት፤ ቅዳሴውን ትተው አብረው ሊፍት ገቡ። ግርማ በበኩሉ ነጠላው ሲገለበጥና እንባቸው ሲወርድ አይቶ «እኚህ ሴት እኛ ያልሰማነውን ሰምተዋል፤ ስልካቸው ይሠራል» አለ በልቡ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ያየሁት በሩን ስከፍት የቆመውን ነው። ጥቁር ሱፍ። የተሸፈነ ሳህን። የቀላ ዓይን። ከኋላ ደግሞ የእማማ ዘውዴ የተገለበጠ ነጠላ።

«እማማ፣ እርስዎ ምን አመጣዎት?» አልኩ፤ ድምፄ ከሩቅ ተሰማኝ።

«ተቀመጪ ልጄ።»

«ለምን እቀመጣለሁ?»

«እስኪ ግድ የለሽም፣ ተቀመጪ።»

በዚህ ዓለም ላይ «ተቀመጪ» የተባሉበትን ወንበር ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም። ስልክ የፈጠሩት ሰዎች ከዚያ ወንበር ሊያድኑን ነበር፤ እኛ አልዳንም። ተቀመጥኩ። ወደ ግርማ አየሁ። ግርማ ወደ እማማ ዘውዴ አየ። እማማ ዘውዴ፣ ወንድ እያለ እኔ አልናገርም በሚል ዓይን ወደ ግርማ አዩ። ሁለቱም አቀረቀሩ። ሰው እንዲህ ሲገባበዝ ምን እንደሚቀርብ የማያውቅ የአገሬ ልጅ የለም።

«ወይኔ እህቴን!» አልኩ።

እኔ ስጮኽ እማማ ዘውዴ ተከተሉ። እማማ ዘውዴ ሲጮኹ ግርማ «ለካ እውነት ነው» ብሎ ክራቫቱን ፈታ። ሰዓዳ ሳህኑን አስቀምጣ «ኢና ሊላሂ» አለች። ሳምሪ ምን እንደሆነ ሳታውቅ «ኦ ማይ ጋድ፣ ኦ ማይ ጋድ» እያለች አቀፈችኝ፤ እሷም የአያቷን አስታውሳ አምርራ አለቀሰች።

እማማ ዘውዴ እንባቸውን ጠርገው ኮሪደር ወጡና ለዕድሩ ደወሉ። ብዙ ሳይቆይ ሰው መምጣት ጀመረ፤ ወንበር መጣ፣ ድስት መጣ፣ የውሃ ካርቶን መጣ። ኮሪደሩ ሞላ። ከሁሉም የሚገርመው፣ ሐዘኑን የሰማ ሁሉ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ መደወል ጀመረ። የግርማ ስልክ ጮኸ፤ አንስቶ «ሃሎ» ሲል ጠፋ፤ «ሃሎ ሃሎ» እያለ ወደ ኮሪደር ወጣ። የሳምሪ መስኮቱ ሥር ብቻ ይሰማል፤ «አይ ካንት ሂር ዩ!» እያለች መጋረጃዬ ውስጥ ተጠቀለለች። የሰዓዳ ሳሎኑ መሐል፣ ከሶፋው ላይ፣ ጥርት ብሎ ጮኸ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እህቴን እያለቀስኩ፣ በልቤ ደግሞ «የሰዓዳው ይሻላል» እላለሁ። የሰው ልጅ ልብ ሁለት ሲም ካርድ አለው።

የሰዓዳ ስልክ እንደገና ጮኸ። ሰዓዳ ቁጥሩን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ከደሴ ነው። ማህሌት ናት።»

በሳሎኑ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ያናግሯት እንጂ አንቱ!» ብላ ዘረጋችልኝ።

እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። ያን ያህል የተመኘሁት ድምፅ ሳሎኔ ድረስ መጥቶ ይጮኻል፤ እኔ ግን ምነው በተቆረጠ አልኩ። ኔትዎርክ እስከሌለ ድረስ የማይታወቅ ነገር ብዙ ነው፤ በማይታወቀው ውስጥ ደግሞ እህቴ ቁጭ ብላ ቡናዋን ትጠጣለች። ያንን ስልክ ካነሳሁ እሷን ማንም አይመልስልኝም።

«ማህሌት ማን ናት?» አሉ እማማ ዘውዴ።

«የደብሪቱ ልጅ» አለች ሰዓዳ።

«በስመ አብ! እናቷ ሞታባት ራሷ ትደውላለች?»

«ሞተች ያለው ማነው?»

«እናንተ ናችኋ!»

«እኛ?» አለ ግርማ ከኮሪደር እየገባ። «እኛ የመጣነው ኔትዎርክ ልንሞክር ነው! እርስዎ አይደሉ እንዴ ነጠላ የገለበጡት?»

«ክራቫት ያሰርከው አንተ!»

«ሥራዬ ነው እማማ!»

ታዲያ አልሞተችም? ማንም አያውቅም። ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አልቅሶ፣ የሞተ ሰው መኖሩን የሚያውቅ አንድ እንኳ የለም። ስልኩ አሁንም ይጮኻል። ሰዓዳ አነሳችና ጆሮዬ ላይ አደረገችው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አክስቴ! ለምን አታነሺም? ወጥታለች፤ ነቅታለች። ቆይ፣ አናግሪያት።»

ከዚያ እትዬ ደብሪቱ መጣች። ምላሷ ከማደንዘዣው ገና አልተፈታም፤ ግን ድምፁ እንዴት ያለ ጥራት ነበረው መሰላችሁ! ትንፋሿ ይሰማል። የአልጋው ብረት ሲንቋቋ ይሰማል።

«አንቺ… የምን ለቅሶ ነው እዚያ?»

ወዮ! ጥራቱ ለካ በሁለቱም በኩል ነው። ኮሪደር ላይ ያሉት ሴቶች ገና አልሰሙም፤ አዲስ የመጡት ደረት እየመቱ ነው።

«ምንም አይደለም፣ እትዬ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታማለች ብላችሁ ልትደብቁኝ ነው? እኔን? ስንቱን መርዶ ደብቄ ያሳደርኩ ሴትዮ፣ እኔን ትደብቂኛለሽ?»

ግርማ ስልኩን ተቀብሎ «እትዬ ደብሪቱ፣ በእውነት ሁሉም ደህና ነው» አለ። ሲሰሙት የሚያስፈራ ዓረፍተ ነገር ነው። እማማ ዘውዴ ተቀበሉ፤ «ኧረ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሰላም ነው፣ አንቺ ብቻ ተሻይን» አሉ። ባሰ። ከዚያ በኋላ እህቴ አዘዘች፤ ያለው ሰው ሁሉ በተራ ቀርቦ ድምፁን ያሰማኝ አለች። ስልኩ በላውድ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ለቀስተኛው ተሰለፈ።

«ግርማ ነኝ፣ አለሁ።»

«ሰዓዳ ነኝ፣ የፒያሳዋ። አለሁ እትዬ።»

«ሃይ፣ ሳምሪ ነኝ። አይ አም… አለሁ።»

«ዘውዴ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።»

እንዲህ እያለ ድስት ይዘው የመጡት ሁሉ መኖራቸውን አስታወቁ። ሰው ደረቱን ሊመታ መጥቶ ሲስቅ ማየት ደስ ይላል። እኔም ሳቅሁ፤ ጉንጬ ገና እንደራሰ።

እህቴ ስታዳምጥ ቆየችና፣ ከእንቅልፍ ውስጥ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብላ፣ «ታደሰስ?» አለች። «የእሱን ድምፅ አልሰማሁም።»

ታደሰን ቆመው ያስቀበሩ ሰዎች ናቸው የከበቡኝ። እትዬ ደብሪቱም ታውቃለች፤ በስልክ ለቀናት አብራኝ አልቅሳለች። ማደንዘዣው ነው የወሰደባት። ግርማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እማማ ዘውዴ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ አትንገሪያት ማለታቸው ነው።

«ሥራ ሄዷል፣ እትዬ» አልኩ።

«በዚህ ብርድ?»

«በዚህ ብርድ።»

«ሲመጣ ሰላም በይልኝ።»

«እሺ።»

የመጣው ምግብ ተበላ፤ ሳምቡሳው ቀድሞ አለቀ። ሰኞ ሞል ሄጄ የሰዓዳን ኩባንያ ያዝኩ። አሁን ስልኬ ሳሎንም፣ መኝታ ቤትም፣ ማድቤትም ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ድሮ የምደነግጠው በረንዳ ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን ፍርሃቴ ቤቱን በሙሉ ሸፍኗል።

በዚያው ሳምንት ምጣድ እያጠብኩ ሳለ ጮኸ። እትዬ ደብሪቱ ናት፤ አእምሮዋ ጠርቷል፤ ስፌቱ ያሳክከኛል ብላ ሐኪሙን ስትራገም ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማህሌት ነገረችኝ። ስለ ታደሰ ጠየቅሁሽ አሉ።»

«ማደንዘዣው ነው፣ እትዬ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ሥራ ሄዷል አልኩሽ።»

ዝም አለች። ስልኬን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁ፤ መስመሮቹ ሙሉ ናቸው።

«እትዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። ቀጥላም፣ «ሰላምታዬን አደረስሽለት?»

«አደረስኩ» አልኳት።